ከዝላይ አቀማመጥ ወደ ድሬሳዥ፦ እንዴት ይጀመራል?

በሱሉልታ፣ በለገጣፎ ወይም በሰንዳፋ በኩል ፈረስ ትጋልባላችሁ እንበል። የለመዳችሁትም ሃንት ሲት የሚባለውን የዝላይ አቀማመጥ ነው። ድሬሳዥን፣ ማለትም ያለ መሰናክል ፈረሱን በረጋ ትእዛዝ በትክክል የማንቀሳቀስ ግልቢያን፣ ለመጀመር አዲስ ፈረስ ወይም ውድ ኮርቻ አያስፈልጋችሁም። መጀመሪያ መለወጥ ያለበት ወገባችሁ ነው።

በሃንት ሲት እርካቡ አጭር ነው። ጋላቢው ወደፊት ዘንበል ይላል፤ ክብደቱንም ከፈረሱ ጀርባ ላይ ያነሳል። ይህ ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም። ጣሊያናዊው የፈረሰኛ ጦር መኮንን ፌዴሪኮ ካፕሪሊ (እ.ኤ.አ. 1868–1907) ፈረስ መሰናክል ሲዘል ጀርባው ነፃ መሆን እንዳለበት አሳየ፤ ዘላዮችም ተከተሉት። ድሬሳዥ ላይ ግን መሰናክል የለም። ፈረሱን የምታዙት በመቀመጫችሁ ስለሆነ ከኮርቻው መነሳት አያዋጣም።

1. እርካቡን ቀስ በቀስ አስረዝሙ

በመጀመሪያው ሳምንት ጠፍሩን አንድ ቀዳዳ ብቻ አውርዱት። በአንዴ አራት ቀዳዳ ካወረዳችሁ እርካቡን በእግር ጣት ስትፈልጉ ተረከዛችሁ ይነሳል፣ ጉልበታችሁም ኮርቻውን ይጨብጣል። የዝላይ ኮርቻ የጎን ቆዳው ወደፊት የወጣ ነው። እግር በጣም ሲረዝም ቦታውን ይስታል፤ ስለዚህ በሱ ላይ ሁለት ቀዳዳ ይበቃል። ከጎን ፎቶ አስነሱና እዩት፦ ጆሮ፣ ትከሻ፣ ዳሌና ተረከዝ አንድ ቀጥ ያለ መስመር ላይ መዋል አለባቸው።

2. ያለ እርካብ ተቀመጡ

ዋናው ሥራ ይሄ ነው፤ እባካችሁ አትዝለሉት። ፈረስ የሚያውቅ ሰው በረጅም ገመድ ይዞ ያዙርላችሁ። እርካቦቹን አንሥታችሁ ከኮርቻው ፊት አጠላልፏቸው። በአንድ እጅ የኮርቻውን ፊት ያዙ። በእርምጃ ጀምሩ። የፈረሱ ጀርባ አንዴ በግራ አንዴ በቀኝ ዝቅ ሲል ይሰማችኋል፤ ዳሌያችሁ አብሮት ይውረድ። ከዚያ ወደ ሶምሶማ ግቡ፣ ግን ለጥቂት እርምጃ ብቻ። መንጠር ስትጀምሩ ጉልበታችሁ መጨበጡን እወቁ። አላሉት፣ ትንፋሻችሁንም አውጡ፤ ትንፋሹን የያዘ ሰው ወገቡም አብሮ ይደርቃል።

ሱሉልታ ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው። ፈረሱም እናንተም ቶሎ ትተነፍሳላችሁ። በየመሀሉ ዛቡን ለቀቅ አድርጋችሁ በእርምጃ አሳርፉት።

3. እጅ መጨረሻ ይምጣ

በዝላይ እጃችሁ የፈረሱን አንገት ተከትሎ ወደፊት ይሄድ ነበር። አሁን ክርናችሁን አጠፍ አድርጉ፤ ጡጫችሁ ጋማው ከሚያልቅበት ቦታ በላይ ረጋ ይበል። ከክርን እስከ ልጓም መስመሩ ቀጥ ያለ ይሁን። ፈረሱን ለማቀዝቀዝ መጀመሪያ ጠልቃችሁ ተቀመጡ፣ ተንፍሱ፣ ወገባችሁን አጽኑ። ጣታችሁን የምትጨብጡት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ዛብ መጎተት የፈረሱን አፍ ከማደንዘዝ ሌላ ምንም አያስተምረውም።

4. ሜዳውን ራሳችሁ ለኩ

አነስተኛው የድሬሳዥ ሜዳ 20 በ40 ሜትር ነው። አራት ካስማና ገመድ ይበቃል። ከማዕዘን እስከ ተቃራኒው ማዕዘን 44 ሜትር ከ72 ሳንቲሜትር ከመጣ ማዕዘኖቹ ልክ ናቸው። ባዶ ጄሪካን ላይ ፊደሎቹን በቀለም ጻፉ፦ ከመግቢያው ጀምሮ በሰዓት አቅጣጫ ኤ፣ ኬ፣ ኢ፣ ኤች፣ ሲ፣ ኤም፣ ቢ፣ ኤፍ። ኤ እና ሲ የአጭሩ ጎን መሀል ላይ፣ ኢ እና ቢ የረጅሙ ጎን መሀል ላይ ይቀመጣሉ። የቀሩት አራቱ ረጅሙ ጎን ላይ ከማዕዘኑ 6 ሜትር ይርቃሉ።

ከዚያ ኤ ላይ የ20 ሜትር ክብ ሥሩ። ብዙ ሰው ማዕዘኑ ውስጥ ይገባና ክቡን ያበላሻል። ክቡ የሚነካው አራት ነጥብ ብቻ ነው፦ ኤን፣ የሜዳውን መሀል፣ እንዲሁም በሁለቱ ረጅም ጎኖች ላይ ከማዕዘኑ 10 ሜትር የሚርቁትን ቦታዎች። እነዚህ ከኬ እና ከኤፍ 4 ሜትር አልፈው ስለሚገኙ አመድ በተን አድርጉባቸው።

ክረምት ላይ ሜዳው ሲጨቀይ ሶምሶማውን ተዉት። በእርምጃ ክብ መሥራትና ቀጥ ብሎ መቆም ራሱ ሙሉ ልምምድ ነው።

ዝላይ የምትወዱ ከሆነ አትተዉት። የዝላይ ቀን እርካቡን መልሳችሁ አሳጥሩት፤ በረዘመ እርካብ መሰናክል አትዝለሉ።