የቤት ውስጥ የእንጨት ምድጃ በጥንቃቄ እንዴት ይያያዛል?

ግድግዳ ላይ በተሠራ፣ ጭስ ማውጫ ባለው ምድጃ ጭሱ ወደ ክፍሉ የሚመለሰው በአብዛኛው በሁለት ምክንያት ነው፦ ወይ ማገዶው አልደረቀም፣ ወይ ጭስ ማውጫው ቀዝቅዟል። ሁለቱም ክብሪት ከመጫሩ በፊት መላ አላቸው።

ማገዶው

በቅርቡ ከተቆረጠ እንጨት ክብደት ግማሽ የሚጠጋው ውሃ ሊሆን ይችላል። ያ ውሃ ተንኖ እስኪያልቅ የእሳቱ ሙቀት ለቤቱ አይተርፍም። በደንብ ያልነደደው ጭስም ቀዝቃዛው የጭስ ማውጫ ግድግዳ ላይ ጥቀርሻ ሆኖ ይለጠፋል፤ ጥቀርሻው ደግሞ ራሱ ተቀጣጣይ ነው።

ለምድጃ የሚሆን እንጨት እርጥበቱ ከ20 በመቶ በታች ይሁን። ለዚህም ተፈልጦ፣ ከመሬት ከፍ ብሎ ተደርድሮ፣ ከላይ ብቻ ተሸፍኖ ጎኑ ነፋስ እያገኘ ከ6 ወር እስከ 1 ዓመት መቆየት አለበት፤ ጠንካራና ከባዱ እንጨት እስከ 2 ዓመት ሊፈልግ ይችላል። የእርጥበት መለኪያ ካለዎት ፍልጡን እንደገና ለሁለት ሰንጥቀው አዲሱን ገጽ ይለኩ፤ ውጪው ቀድሞ ስለሚደርቅ ያታልላል። መለኪያ ከሌለዎት ጫፉን ይመልከቱ፦ የደረቀ ፍልጥ ከመሃል ወደ ዳር የተሰነጣጠቀ ነው፤ ቅርፊቱ በቀላሉ ይላቀቃል፤ ሁለቱን ሲያጋጯቸው ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣሉ። እርጥቡ ድምፁ ድፍን ነው፤ እሳት ሲነካው ጫፉ ላይ አረፋ እያወጣ ሽሽ ይላል።

ቀለም ወይም ቫርኒሽ የተቀባ፣ ምስጥ እንዳይበላው በኬሚካል የታከመ እንጨት፣ ኮምፔንሳቶና ፕላስቲክ መርዛማ ጭስ ስለሚያወጡ አይማገዱም።

ጭስ ማውጫውን ማዘጋጀት

በዓመት ቢያንስ 1 ጊዜ በባለሙያ ያስፈትሹት። ጥቀርሻው 3 ሚሊ ሜትር ያህል ከወፈረ ሳይጠረግ እሳት አይያያዝበትም። ለወራት ሳይነድ የቆየ ከሆነ የወፍ ጎጆ ዘግቶት ሊሆን ይችላል።

ከምድጃው አናት፣ ጭስ ማውጫው በሚጀምርበት ጉሮሮ ላይ በእጀታ ወይም በሰንሰለት የሚከፈት የብረት ክዳን አለ። ሙሉ በሙሉ ይክፈቱት፤ ከዚያም በባትሪ ወደ ላይ አብርተው በዓይንዎ ያረጋግጡ። ክዳኑ ዝጎ ተጣብቆ እጀታው ብቻውን የሚንቀሳቀስበት ጊዜ አለ።

አሁን ክብሪት ለኩሰው ያጥፉና ጭሱን ወደ ጉሮሮው ያስጠጉ። ወደ ላይ ከተሳበ መልካም ነው። ወደ እርስዎ ከመጣ ግን ከላይ ቀዝቃዛ አየር ተጭኗል ማለት ነው። ወፍራም ጓንት አድርገው፣ ጋዜጣ እንደ ችቦ ጠቅልለውና ለኩሰው ከክዳኑ ሥር ለ1 ደቂቃ ያህል ይያዙት። አሁንም ካልተሳበ መስኮት ትንሽ ገርበብ ያድርጉ፣ የወጥ ቤቱን አየር ማውጫ ፋንም ያጥፉ፤ ፋኑ አየሩን ከቤት ሲስብ ጭሱ በምድጃው በኩል ተጎትቶ ይገባል።

አደራደሩና አለኳኮሱ

1. 2 ወይም 3 ወፍራም ፍልጦች በብረት መደርደሪያው ላይ ያስቀምጡ፤ አየር እንዲያልፍ በመካከላቸው 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ይተዉ።
2. በላያቸው አግድም 4 ወይም 5 ቀጠን ያሉ ፍልጦች ይደርድሩ።
3. ቀጥሎ አውራ ጣት የሚያህል ስንጥር ወይም ደረቅ ጭራሮ አጣልፈው ይከምሩ።
4. አናቱ ላይ የተጨማደደ ጋዜጣ አድርገው ከዚያ ይለኩሱ። ቁልሉ ከምድጃው አፍ ቁመት ግማሽ አይለፍ።

ብዙ ሰው ከሥር መለኮስ ለምዷል። ከላይ ሲለኮስ ግን ከታችኛው እንጨት የሚወጣው ጭስ ነበልባሉን አቋርጦ ሲያልፍ አብሮ ይነዳል፣ ጭስ ማውጫውም ቶሎ ይሞቃል። ቤንዚን፣ ናፍጣ ወይም ነጭ ጋዝ በፍጹም አይጨምሩ፤ በተለይ የቤንዚን ተን ክብሪቱ ገና ሳይደርስ ቦግ ብሎ ፊትና እጅ ያቃጥላል።

እየነደደ ሳለ

ለፍንጣሪው የሽቦ መከለያውን ይጋርዱ፤ ምንጣፍ፣ መጋረጃና ሶፋ ቢያንስ 1 ሜትር ይራቁ። ማገዶ 1 ወይም 2 ፍልጥ ብቻ እያደረጉ ይጨምሩ። ነበልባሉ ደማቅ፣ ከጣሪያ በላይ የሚታየው ጭስ ስስ መሆን አለበት። እሳቱን ለልጆች ትቶ መውጣትም ሆነ አዳፍኖ መተኛት አይገባም።

ክዳኑ የሚዘጋው ፍሙ ሙሉ በሙሉ ጠፍቶ አመዱ ሲቀዘቅዝ ብቻ ነው። ቀይ ፍም ጭስ ባይታይበትም ካርቦን ሞኖክሳይድ ያመነጫል፤ ይህ ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም። ስለዚህ በመኝታ ክፍሎች አካባቢ ማስጠንቀቂያ መሣሪያ ያስገጥሙ። የቤቱ ሰዎች ራስ ምታት፣ ማዞርና ማቅለሽለሽ ከተሰማቸው ሁሉም ወዲያው ወደ ውጭ ይውጡ፣ ሕክምናም ያግኙ።

ከጭስ ማውጫው ውስጥ ኃይለኛ የሚያጓራ ድምፅ ከተሰማ ወይም ከጣሪያ በላይ ፍንጣሪ ከበዛ፣ ጥቀርሻው ተቀጣጥሏል። ሰው ሁሉ ይውጣ፣ እሳት አደጋ ይጠራ። ውሃ አይድፉበት፤ የጋለው ግድግዳ በድንገት ሲቀዘቅዝ ይሰነጠቃል፣ እንፋሎቱም ያቃጥላል።

አመዱ

ረመጥ ከአመድ ሥር እስከ 4 ቀን ትኩስ ሆኖ ሊቆይ ይችላል። በካርቶን፣ በፕላስቲክ ባልዲ ወይም በማዳበሪያ ከረጢት አያፍሱት። ክዳን ባለው የብረት ዕቃ አድርገው፣ ከቤቱ 3 ሜትር ያህል አርቀው፣ ከጣውላ ወለል ውጪ ያስቀምጡት። ሁሉንም ጠርገው አይጨርሱ፤ ከሥር የሚቀር የ2 ሳንቲ ሜትር አመድ ፍሙን አቅፎ ስለሚይዝ ቀጣዩን እሳት ለማያያዝ ያግዛል።