ሶደሬ ውሎ ለመመለስ፦ ደጋግሜ ያየኋቸው ስህተቶች

ሰው ሰብስቤ በሚኒባስ ሶደሬ ፍልውሃ መመላለስ ከጀመርኩ ዓመታት ሆነኝ። ከአዳማ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ ከአዲስ አበባ በጠዋት ተነስቶ ማታ ቤት መግባት ይቻላል። የሚያሳዝነኝ ሰው ይቀያየራል፣ ስህተቱ ግን ያው ነው።

ከሁሉም የሚያናድደኝ ፍልውሃ ውስጥ ቢራ መጠጣት ነው። እባካችሁ ቢራውን ለማታ አቆዩት! ሙቅ ውሃ የደም ሥርን ያሰፋል፣ ግፊትን ዝቅ ያደርጋል። አልኮልም እንደዚያው። በዚያ ላይ ሁለቱም የሰውነትን ውሃ ያሟጥጣሉ። ገንዳ ውስጥ ስትሆኑ ደግሞ ምን ያህል እንዳላባችሁ አይታወቃችሁም። ቁጭ እንዳላችሁ ሰላም ነው። ጉዱ የሚመጣው ስትነሱ ነው።

አንድ እሁድ አብሮን የመጣ ጎረምሳ ሦስተኛ ጠርሙሱን ጠርዙ ላይ አቁሞ ገንዳ ውስጥ አንድ ሰዓት ሊሞላው ምንም አልቀረው። «በቃኝ» ብሎ ተነሳ። ሁለት ደረጃ ወጣና የብረት መደገፊያውን ጭብጥ አደረገ። ከንፈሩን ሳየው ነጭ ሆኗል። ወዲያው ጉልበቱ ከዳው። ከኋላው ያለው ሰው በብብቱ ባይዘው ኖሮ ግንባሩ ሲሚንቶ ላይ ነበር። ጥላ ሥር አጋድመን እግሩን ከፍ አደረግንለት። ሲነቃ ውሃ በትንሽ በትንሹ ሰጠነው። ከዚያ ወዲህ ገንዳ ጠርዝ ላይ ጠርሙስ አይቼ ዝም ማለት አልችልም።

ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይበቃል። ከዚያ ውጡ፣ ውሃ ጠጡ፣ ጥላ ሥር አረፍ በሉ፤ ካማራችሁ ተመለሱ። ስትወጡ ብድግ አትበሉ፤ መጀመሪያ ጠርዙ ላይ ተቀመጡ። ቦታው ቆላ መሆኑንም አትርሱ፤ ከውሃው ሌላ ፀሐዩም አለ።

መድኃኒትን ቤት ጥሎ መምጣት። አንድ እናትን «እማማ፣ የግፊት ኪኒንዎን ይዘዋል?» ብላቸው «ልጄ፣ ፍልውሃ መጥቼ ኪኒን ምን ይሠራልኛል?» አሉኝ። ፍልውሃ ሰውነት ያፍታታል፣ የወገብና የመገጣጠሚያ ሕመም ያስታግሳል። ኪኒን ግን አይተካም። የልብ ወይም የግፊት ሕመም ያለባችሁ፣ ነፍሰ ጡሮችም፣ ከመምጣታችሁ በፊት ሐኪማችሁን ጠይቁ።

አዋሽ ወንዝ ዳር ልጆችን መልቀቅ። አዞ አለበት። ሌላ የምጨምረው የለም።

ምግብ ክፍት አድርጎ መሄድ። ጦጣዎቹ ፌስታል ያውቃሉ። እንጀራው ሳይሆን ሙዙ ይቀድማል፤ ልጅ እጅ ላይ ካለም ይነጥቃሉ። ክዳኑ ጥብቅ የሚል ዕቃ ያዙ፤ አትመግቧቸው፤ ድፍረቱን ያስተማርናቸው እኛው ነን።

የመጨረሻው የእኔ የራሴ ጥፋት ነው። ሹፌሩን «አንተም ደክመሃል፣ ግባና ተዝናና» ብዬ ልንነሳ ስንል አስገባሁት። ፍልውሃ እንቅልፍ ያመጣል። አዳማ ሳንደርስ አንገቱ ዘንበል ሲል በመስታወቱ አየሁት። ከኋላ ሕፃናት ተኝተዋል። አስቁሜው ቡና ጠጣ፣ ፊቱን ታጠበ፣ ከአንድ ሰዓት በላይ ቆመን ነው ወደ ፈጣን መንገዱ የወጣነው። አሁን ሹፌራችን እንደደረስን ጠዋት ይታጠባል፣ ከምሳ በኋላ ይተኛል፣ 10 ሰዓት ላይ እቀሰቅሰዋለሁ።