በስልክ አልከፈት ያለውን የቤት ዕቃ ሱቅ ዌብሳይት እንዴት እንዳስተካከልኩት

የአጎቴ ልጅ የቤት ዕቃ መሸጫ አለው፣ ዌብሳይቱ ኮምፒውተር ላይ ምንም አይልም፣ በሞባይል ዳታ ሲከፈት ግን ነጭ ሆኖ ይቆማል፣ ሰውም ትቶት ይሄዳል። ሊንኩን ፔጅስፒድ ኢንሳይትስ (የጉግል የዌብሳይት ፍጥነት መለኪያ) ላይ አስገብቼ ሳየው ዋናው ጥፋተኛ ከላይ እየተንሸራተተ የሚቀያየረው ፎቶ ነው፣ ከካሜራ እንደወረደ የተጫነ 5 እና 6 ሜጋ ባይት የሚመዝን ሶፋ! ስላይደሩን አጠፋሁት (ሦስተኛውን ፎቶ ጠብቆ የሚያይ የለም እኮ)፣ አንድ ፎቶ ብቻ አስቀርቼ ስፋቱን 1200 ፒክስል አድርጌ ወደ ዌብፒ (ፎቶን የሚያቀል የፋይል ዓይነት) ቀየርኩት፣ ከ200 ኪሎ ባይት በታች ወረደ። የታችኞቹ ደግሞ ሰው ሲደርስባቸው ብቻ እንዲጫኑ ሌዚ ሎዲንግ አበራሁ። ጉግል ዋናው ነገር በ2.5 ሰከንድ ውስጥ ይታይ ነው የሚለው፣ አሁን እዛ ውስጥ ገብቷል።

የገረመኝ ደግሞ ስልክ ቁጥሩ ባነሩ ፎቶ ውስጥ ነው የተጻፈው፣ ቢነኩት አይደውል፣ ኮፒ አይደረግ። በጽሑፍ አውጥቼ ሲነካ የሚደውል ሊንክ አደረግኩት፣ በ+251 ስለሚጀምር ውጭ ሆኖ ለእናቱ ሶፋ የሚያዝም ይሰራለታል፣ አጠገቡ የቴሌግራም በተን ጨመርኩ።

የተመረጠው ፎንት የግዕዝ ፊደል የለውም ነበር፣ ስልኩም ላይ ከሌለ አማርኛው ሣጥን ሣጥን ሆኖ ይቀራል። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ጫንኩ፣ ነጻ ነው። ፈዛዛውን ግራጫ ጽሑፍም አጠቆርኩት፣ ከጀርባው ጋር ያለው ንፅፅር ቢያንስ 4.5 ለ 1 መሆን አለበት።

«ዋጋ በውስጥ መስመር» የምትለዋን እንዲያነሳ ግን እስካሁን ማሳመን አልቻልኩም።