አሮጌ ቪትዝ ገዝቶ ላለመቆጨት፦ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አዲስ አበባ ውስጥ «ትንሽ መኪና ልገዛ ነው» ያለ ሰው አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ስለ ቪትዝ ማውራት ይጀምራል። አይፈረድበትም። ነዳጅ ትቆጥባለች፣ መለዋወጫዋ አይጠፋም፣ ጠባብ ቦታም ትቆማለች። ችግሩ ዕድሜዋ ነው። የመጀመሪያዋ ቪትዝ ጃፓን ውስጥ የወጣችው በጎርጎርሳውያን 1999 ነው፤ ሁለተኛዋ ሞዴል በ2005። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ደግሞ እዚሁ ያሉት ናቸው ከእጅ ወደ እጅ የሚዞሩት። ሃያ ዓመት የነዱአት መኪና «ንጹሕ ናት» ተብላ ሚሊዮን ብር ትጠራለች።

ሞተሩ ከሞቀ በኋላ መሞከር

ሻጩ «አስነስቼ ልጠብቅህ» ካለ «ተዋት፣ ራሴ አስነሳታለሁ» በሉት። መኪና የሚታየው በጠዋት ነው፣ ቆማ ካደረች በኋላ። ኮፈኑን ከፍታችሁ ሞተሩን ዳሰስ አድርጉ። ሞቅ ካለ ቀጠሮ ቀይሩ። ስትነሳ የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ሰከንዶች አድምጡ። የቪትዝ ሞተር ቫልቮቹን የሚያንቀሳቅሰው በቺንጊያ ሳይሆን በካቴና ነው። ካቴናው ከላላ ይንኳኳል፤ ዘይቱ ሲደርስለት ድምፁ ይጠፋል። ሞቃ ከቀረበችላችሁ ይሄን አትሰሙትም። ሰማያዊ ጭስ ካያችሁ ሞተሩ ዘይት ይበላል። ነጩ ትነት ግን በክረምት ጠዋት ያለ ነው። ከሞቀች በኋላም ካላቆመ ውሃ ሞተሩ ውስጥ እየገባ ሊሆን ይችላል።

ኪሎ ሜትሩንና ቀለሙን ማመን

ቁጥሩ ይቀነሳል፤ ይሄ ምስጢር አይደለም። የፍሬን ፔዳሉ ጎማ ካለቀ፣ መሪው ከተላላጠ፣ ሰማንያ ሺህ የሚለውን ቁጥር እርሱት። አዲስ ቀለም ካያችሁ ደግሞ ከኋላ ምንጣፉን ገልጣችሁ ስኮርታው ሥር ያለውን ላሜራ እዩ። ከኋላ የተመታች መኪና ብየዳዋን የምትደብቀው እዚያ ነው።

ቴርሞስታቱን አስወልቆ መጣል

ቴርሞስታት ሞተሩ እስኪሞቅ ድረስ ውሃው ወደ ራዲያተሩ እንዳያልፍ የሚይዝ ትንሽ ዕቃ ነው። ነቅሎ መጣሉን እኔው ራሴ ሠርቼዋለሁ። ወደ እንጦጦ ስወጣ ሞቀችብኝ። የወሰድኳት ጋራዥ መካኒኩ ቴርሞስታቱን ነቅሎ «ይሄ ለኛ አገር አይሆንም» ብሎ ወረወረው። ሙቀቱ ወረደ፤ ደስ አለኝ። ደስታዬ የዘለቀው ነዳጅ እስክሞላ ነበር። ቴርሞስታት የሌለው ሞተር ቶሎ አይሞቅም። ኮምፒውተሩ ገና ቀዝቃዛ ነው ብሎ ስለሚያስብ ተጨማሪ ነዳጅ ይረጫል። ሌላ መካኒክ በኋላ ሲያየው ራዲያተሩ በዝገት ተደፍኗል። በሽታው ያ ነበር፤ ያመጣሁትም እኔ ነኝ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ የቧንቧ ውሃ እየጨመርኩ።

አዲስ አበባ ላይ ነገሩ ይብሳል። ከተማችን ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር በላይ ናት፤ እዚህ ተራ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ሞተር የሚሠራበት ሙቀት ደግሞ 90 ገደማ። እንዳይፈላ የሚያደርጉት ኩላንቱ (ለራዲያተር የተሠራው ፈሳሽ) እና የራዲያተሩ ክዳን ናቸው። ክዳኑ ግፊቱን ይዞ ያቆያል፣ ግፊት ካለ ውሃ ቶሎ አይፈላም። ላስቲኩ የደረቀ ክዳን ይዛችሁ ራዲያተር መቀየር ገንዘብ ማባከን ነው። መጀመሪያ ክዳኑን ቀይሩ። ሞተሩ ሙቅ እያለ ግን እንዳትከፍቱት፤ ፊት ያቃጥላል።

የካምቢዮ ዘይትን «ሁሉም ያው ነው» ማለት

ያው አይደለም። አንዳንድ ቪትዞች፣ በተለይ ከሁለተኛው ሞዴል ወዲህ ያሉት፣ ካምቢዮአቸው ሲቪቲ ነው፤ ማርሽ ሳይቀያይር በቀበቶ የሚሠራ አውቶማቲክ ማለት ነው። ተራ የአውቶማቲክ ዘይት ከገባበት ይበላሻል። ለሲቪቲ የተሠራውን ዘይት ጠይቁ፤ ጣሳውንም በዓይናችሁ እያያችሁ አስሞሉ።

ዘይት ቀይሮ መርሳት

አንድ ሺህ ሲሲ ሞተር የሚይዘው ዘይት ሦስት ሊትር ገደማ ነው። ያረጀ ሞተር አንድ ሊትር ከበላ ሲሶው አለቀ ማለት ነው። የዘይት መብራቱን አትጠብቁ፤ መብራቱ ሲበራ ብዙ ጊዜ ረፍዷል። በሳምንት አንዴ፣ ሜዳ ላይ አቁማችሁ ለኩ። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

ጎማን በጥርሱ ብቻ መመዘን

ጎማው ጎን ላይ አራት አኃዝ አለ። 2317 የሚል ካያችሁ በ2017 ሃያ ሦስተኛው ሳምንት ተመርቷል፤ በጎርጎርሳውያን አቆጣጠር ማለት ነው። ጥርሱ ቢያምርም ላስቲኩ ያረጃል።

በውክልና መግዛት

ሊብሬው በአንድ ሰው ስም፣ ውክልናው በሌላ፣ ቁልፉ በደላላው እጅ። ስመ ንብረት ማዛወሪያውን ወጪ ሽሽት ብዙ ሰው እንዲህ ይገዛል። ወካዩ ውክልናውን ሊሽረው ይችላል፤ ከሞተ ደግሞ ውክልናው አብሮት ይቀራል። ያኔ ገንዘብ የከፈላችሁባትን መኪና ከማታውቋቸው ወራሾች ጋር ትከራከሩባታላችሁ። ስለዚህ ከባለ ሊብሬው ጋር ተገናኙ። ዕዳና እገዳ እንደሌለባት አሽከርካሪና ተሽከርካሪ ፈቃድና ቁጥጥር መሥሪያ ቤት ሄዳችሁ አጣሩ። የሞተርና የሻንሲ ቁጥሯን ከሊብሬው ጋር ፊደል በፊደል አመሳክሩ። ደላላው «ቶሎ በሉ፣ ሌላ ገዢ እየመጣ ነው» ይላል።

ይምጣ።