በኢምቦስ ሥራ የሚያጋጥሙ ችግሮችና መፍትሔዎቻቸው

በሠርግ ካርድ ወይም በማሸጊያ ካርቶን ላይ ኢምቦስ (ከወረቀቱ ገጽ ከፍ ብሎ የሚታይ ቅርጽ) የሚወጣው ወረቀቱ በጎድጓዳው ክሊሼ (ቅርጹ ወደ ውስጥ በተቀረጸበት ሰሌዳ) እና ከእርሱ ጋር በሚገጥመው ወንዴ፣ ማለትም ጎልቶ በወጣ፣ ቅርጽ መካከል ሲጨመቅ ነው። ብልሽት ሲታይ ብዙ ሠራተኛ በቅድሚያ ግፊቱን ይጨምራል፤ ይሁን እንጂ ይህ ከሚያስተካክለው የሚያባብሰው ይበዛል። ስለዚህ ማሽኑ ከመነካቱ በፊት የተበላሹትን ወረቀቶች ከፊትም ከጀርባም፣ ከጎን በሚመጣ ብርሃን መመርመር ይገባል።

ወረቀቱ በቅርጹ ጠርዝ ላይ ይሰነጠቃል

ወረቀት ሲጨመቅ የሚለጠጠው በመጠኑ ነው። ስንጥቁ በሁሉም ወረቀት ላይ በአንድ ቦታ ከተደጋገመ፣ የክሊሼው ጠርዝ ስለታም ወይም ጥልቀቱ ለወረቀቱ የበዛ ነውና ጠርዙን ዘንበል አድርጎ ማስቀረጽ ወይም ጥልቀቱን መቀነስ ያስፈልጋል። በአንድ አቅጣጫ በሚሄዱ መስመሮች ላይ ብቻ ከታየ ግን የወረቀቱ ክሮች የተኙበትን አቅጣጫ መመልከት ይገባል፤ ወረቀት በክሮቹ ርዝመት የሚለጠጠው ከወርዱ ያነሰ በመሆኑ፣ ክሮቹን አቋርጠው የሚያልፉ ጠርዞች ቀድመው ይቀደዳሉ። በዚህ ጊዜ ወረቀቱን በሌላው አቅጣጫ መቁረጥ ይረዳል። አለዚያም ወረቀቱ ደርቆ ሊሆን ስለሚችል፣ የአየር እርጥበቱ 50 በመቶ አካባቢ በሆነ ክፍል ውስጥ አሳርፎ እንደገና መሞከር ነው። ዳግም ከተመረተ ወረቀት የተሠራ ካርቶን ክሮቹ አጫጭር ናቸውና ጥልቅ ኢምቦስ አይችልም፤ ይህን ለደንበኛ አስቀድሞ መንገር ከርክክብ በኋላ ከመከራከር ይሻላል። ክሩ ሳይነካ ቀለሙ ብቻ ከተሰነጠቀ ደግሞ፣ ወፍራሙን ቀለም ከጠርዙ ማራቅ ወይም ወረቀቱን ላሚኔት ማድረግ (በስስ ፕላስቲክ መሸፈን) ይቻላል።

ቅርጹ ደብዝዟል

በአንድ ወገን ብቻ ከሆነ ግፊቱ እኩል አልደረሰምና በዚያ ወገን ሥር ስስ ወረቀት ማንጠፍ ይበቃል። ሌላው ወጥቶ ጥቃቅኑ ፊደል ብቻ ከጠፋ፣ የፊደሉ መስመር ለወረቀቱ ውፍረት ቀጥኗልና ንድፉን ከማስፋት በቀር መላ የለውም። ከማሽኑ ሲወጣ ደምቆ ሣጥኑ ሲታጠፍ ከጠፋም፣ ያደበዘዘው የማጣበቂያ ማሽኑ ሮለር ወይም የክምሩ ክብደት ነው።

ኢምቦሱ ከኅትመቱ ጋር አይገጥምም

ፈቀቅ ያለበት መጠን በሁሉም ወረቀት ላይ እኩል ከሆነ ክሊሼውን ማንቀሳቀስ ይበቃል። ከወረቀት ወረቀት የሚለያይ ከሆነ ግን፣ ወረቀቱ ለኅትመቱ ካገለገለው ጠርዝ በሌላ ጠርዝ መግባቱን ማጣራት ይገባል። ልዩነቱ ወደ አንድ ዳር እየሰፋ ከሄደ፣ ወረቀቱ ከኅትመት በኋላ እርጥበት ስቦ ወይም አጥቶ መጠኑ ተለውጧል፤ በሙቀት በሚሠራ ኢምቦስ ላይ ደግሞ ክሊሼው ራሱ ሲሞቅ ስለሚሰፋ፣ ይህ በሚቀረጽበት ጊዜ ሊታሰብለት ይገባል።