ማንም የማይነካውን የመለማመጃ ክፍል ከመሰረዛችሁ በፊት ቦታውን ቀይሩት

ለ12ኛ ክፍል ተማሪዎች የሚሆን አፕ ስንሠራ አንድ ነገር እንቅልፍ ይነሳኝ ነበር። ልጆቹ ቪዲዮውን ያያሉ። ማስታወሻውን ያወርዳሉ። ራሳቸውን የሚፈትኑበትን ክፍል ግን ዞር ብሎ የሚያየው የለም። ጥያቄዎቹን ያዘጋጁት መምህራን ወራት ለፍተውበታል፤ እያንዳንዱ መልስ ማብራሪያ አለው፤ የተሳሳተው ምርጫ ለምን እንደሚያሳስት ጭምር ተጽፏል። አንድ ቀን ስብሰባ ላይ "ይውጣ በቃ፣ ማን ይጠቀመዋል?" የሚል ሐሳብ ተነሣ። እኔም እሺ ልል ምንም አልቀረኝም ነበር።

ያስቆመኝ ቴሌግራም ነው። ቴሌግራም እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ ጥያቄ ለጥፎ መልሱን ወዲያው የሚያሳይ የኩዊዝ አሠራር አለው። ማታ ማታ በተማሪዎች ቻናል ላይ አንድ የፊዚክስ ጥያቄ ሲለጠፍ ልጆቹ ይረባረቡበታል፤ መልሱ ላይ ይከራከራሉ፤ "ሌላ ጨምሩ" ይላሉ። እኛ ጋ ጥያቄ የማይነኩት ደግሞ እነዚሁ ልጆች ናቸው። ያኔ ገባኝ። የጠሉት ጥያቄውን ሳይሆን ያስቀመጥንበትን ቦታና ያወጣንለትን ስም ነው። ከዚያ ወዲህ አንድ ፊቸር፣ ማለትም የአፑ አንድ አገልግሎት፣ "ይሰረዝ" ሲባል መጀመሪያ የማደርገውን ልንገራችሁ።

ነገሩ መዳን ይገባዋል ወይ?

ሁሉም የተረሳ ፊቸር መትረፍ አለበት ማለት አይደለም። አንዳንዱ በእውነትም ጥቅም የለውም፤ እሱን ቶሎ አውጡት። መጠየቅ ያለባችሁ አንድ ነገር ነው፦ ይህን የተጠቀመ ተማሪ ካልተጠቀመው ተማሪ የበለጠ ምን ያተርፋል? መልስ ከሌላችሁ ቦታ መቀያየሩ ድካም ብቻ ነው።

ራስን መፈተን ግን መልስ አለው። ሮዲገርና ካርፒኪ የተባሉ ሁለት የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ያሳተሙት ሙከራ አለ። አንደኛው ቡድን አንድን ጽሑፍ ደጋግሞ አነበበ። ሌላው አንድ ዙር ካነበበ በኋላ ጽሑፉን ሳያይ ያስታወሰውን ሦስት ጊዜ ጻፈ። ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲጠየቁ ደጋግመው ያነበቡት በለጡ፤ 83 በመቶ ለ71። ከሳምንት በኋላ ሲጠየቁ ግን ነገሩ ተገለበጠ፤ ያነበቡት 40 በመቶ ሲያስታውሱ ራሳቸውን የፈተኑት 61 በመቶ አስታወሱ። እኔን በጣም የነካኝ ሌላው ግኝት ነው። ከሳምንት በኋላ በደንብ እናስታውሳለን ብለው የበለጠ የተማመኑት ደጋግመው ያነበቡት ነበሩ።

ይህ የእኛን ልጆች በደንብ ይገልጻቸዋል። ደጋግሞ ማንበብና ቪዲዮ ማየት "ገብቶኛል" የሚል ስሜት ይሰጣል። መፈተን ግን ያልገባህን ፊት ለፊት ያሳይሃል፤ ስለዚህ ይሸሻል። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸውን ስናስብ፣ ልጆቹን ከሽምደዳ የሚያወጣ ነገር እጃችን ላይ እያለ ማንም አልነካውም ብሎ መጣል ያሳዝናል። ስለዚህ ተከራከርኩለት።

ለምን አትጠቀሙም ብላችሁ አትጠይቁ

እንዲህ ስትጠይቁ ልጆቹ በይሉኝታ "አሪፍ ነው፣ እጠቀመዋለሁ" ይሏችኋል። ከዚህ መልስ ምንም አታገኙም። ይልቅ አጠገባቸው ተቀመጡና "ትናንት ማታ እንዴት እንዳጠናሽ አሳዪኝ" በሉ። ከዚያ ዝም ብላችሁ ተመልከቱ። ስልኩን ከእጃቸው አትውሰዱ፤ "እዚህ ጋ ንኪው" አትበሉ፤ ግራ ሲገባቸውም ታገሡ። አምስት ስድስት ልጅ ይበቃል።

እኛ ያየነው እንዲህ ነው። የመለማመጃው ቁልፍ ከረጅም ቪዲዮ መጨረሻ ላይ፣ "ተጨማሪ" ከሚለው ውስጥ ነበር። ልጅቷ እዚያ ስትደርስ ደክሟታል፤ ፓኬጇም ሊያልቅ ነው። ብታገኘውም የሚጠብቃት ስም "ፈተና" ነው። አንዷን ስጠይቃት "ምዕራፉን ስጨርስ ነዋ የምፈተነው፣ አሁን ምን አውቄ?" አለችኝ። ሌላው ልጅ ደግሞ አንዴ ሞክሮት ነበር። ውጤቱ በቀይ ተጽፎ 4 ከ10 ሲመጣለት ስልኩ የቤተሰብ ስለሆነ ታላቅ ወንድሙ አይቶ ሳቀበት። ከዚያ ወዲህ አልከፈተውም። ይህን ከየትኛውም የአጠቃቀም ቁጥር ላይ አታገኙትም።

ከዚያ ያያችሁትን ለዩ። ፊቸሩን አላዩትም? አይተው ምን እንደሆነ አልገባቸውም? ወይስ ገብቷቸው አልፈለጉትም? መድኃኒቱ ይለያያል። ላላዩት ቦታ ነው የሚቀየረው፤ ላልገባቸው ስሙና የመጀመሪያው ገጽ። አውቀው ለተዉት ግን ራሱ አጠቃቀሙ መለወጥ አለበት። ብዙ ቡድን እዚህ ላይ ይሳሳታል፤ ሦስቱንም በኖቲፊኬሽን ሊያክም ይሞክራል። ውጤት ፈርቶ የሸሸን ልጅ በቀን ሦስት ጊዜ "ተፈተን" ብትሉት አፑን ነው የሚያጠፋው።

ቦታውን፣ ስሙን፣ ማብቂያውን

ቦታ ሲባል የቁልፉ ቦታ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በተማሪው ቀን ውስጥ ያለው ሰዓትም ቦታ ነው። እኛ ክፍሉን ከቪዲዮው መጨረሻ አንሥተን በማግስቱ መጀመሪያ ላይ አደረግነው። ልጁ አፑን ሲከፍት ከትናንቱ ትምህርት ሦስት ጥያቄ ብቻ ይጠብቀዋል። ሦስት መሆኑን ከላይ እናሳየዋለን፤ ስንት እንደቀረው ያወቀ ሰው ይጀምራል። ያልፈለገ ማለፍ ይችላል። አንድ ሌሊት ስላለፈ ትንሽ መርሳቱ ራሱ ይጠቅመዋል፤ የረሱትን ለማስታወስ መታገል ነው ትምህርቱን የሚያጠነክረው። በዚያ ላይ ሦስት ጥያቄ ጥቂት መስመር ጽሑፍ ነው፤ ቪዲዮው ሲከፈት አብሮ ስለሚወርድ ጠዋት ያለ ኔትወርክ፣ ታክሲ ውስጥ ሆነው ጭምር ይሠራል።

ስሙን ከልጆቹ አፍ ውሰዱ። እኛ ቢሮ ውስጥ ተሰብስበን ያወጣናቸው ስሞች በሙሉ የመማሪያ መጽሐፍ ርዕስ ይመስሉ ነበር፤ "የግምገማ ማዕከል" ያልነውም አለ። በመጨረሻ የያዝነው "ከትናንቱ ምን ቀረ?" የሚለውን ነው፤ አንድ ተማሪ ለጓደኛው ሲጽፍ ያየነው አባባል ነው። "ፈተና" የሚለውን ቃል ለእውነተኛው የሞዴል ፈተና ብቻ ተውነው።

ማብቂያው ላይ ቀዩን ቁጥር አነሣነው። የሳተ ልጅ ጥያቄው ከየትኛው ቪዲዮ፣ ከስንተኛው ደቂቃ እንደወጣ ያያል፤ ሲነካው እዚያው ደቂቃ ላይ ያርፋል። ከሁሉም የሠራልን ይህ ይመስለኛል። ልጆቹ የሚወዱት ቪዲዮውን ነው፤ የተረሳውን ፊቸር ከሚወዱት ጋር ስታያይዙት ብቻውን አይቆምም።

ኮድ ሳትነኩ ሞክሩት

ይህን ሁሉ ገንብታችሁ "አልሠራም" ከማለት በእጅ መሞከር ይሻላል። ፈቃደኛ የሆኑ 20 ወይም 30 ተማሪዎችን በአንድ የቴሌግራም ግሩፕ ሰብስቡ። ጠዋት ጠዋት ከትናንቱ ትምህርት ሦስት ጥያቄ ላኩላቸው። ሁለት ሳምንት በቂ ነው። ፕሮግራመር አያስፈልግም፤ በሰዓቱ የሚነሣ አንድ ሰው ይበቃል። በየትኛው ሰዓት እንደሚመልሱ፣ የትኛው ጥያቄ ላይ እንደሚያቆሙ፣ ሲሳሳቱ ምን እንደሚጽፉ እዚያው ታያላችሁ።

ስትለኩ የነካው ሰው ብዛት እንዳያታልላችሁ። ማንኛውም ነገር ፊት ለፊት ሲቀመጥ ይነካል። በሁለተኛው ሳምንት ማን ተመለሰ? ያን ጊዜ የሳተውን ሐሳብ በሌላ ጥያቄ ሲያገኘው መለሰው ወይ? እነዚህን ሁለቱን ያዙ።

የነበሩትን ጥቂት ተጠቃሚዎችም አትርሱ። ዱኦሊንጎ የተባለው የቋንቋ መማሪያ አፕ እ.ኤ.አ. በ2022 መነሻ ገጹን ሲቀይር፣ ቀድሞ ለብቻቸው ተቀምጠው የነበሩትን አጫጭር ታሪኮች ከትምህርቱ ጋር በአንድ መንገድ ላይ አሰለፋቸው። ሐሳቡን እወደዋለሁ፤ ተማሪው ቀጥሎ ምን ልሥራ ብሎ አይጨነቅም። ነገር ግን እንደፈለጉ መርጠው መማር የለመዱ ብዙ የቆዩ ተጠቃሚዎች ቅሬታ አሰሙ። ስለዚህ እኛ የድሮውን መግቢያ አልዘጋንም። ሙሉ የጥያቄ ባንኩን የሚፈልግ ልጅ ያው በለመደበት ያገኘዋል።

አንድ ነገር ቀድማችሁ አዘጋጁ። ክፍሉ ማንም በማይነካው ዘመን አንድም ሰው ስህተት አግኝቶብን አያውቅም ነበር። ከተዛወረ ጥቂት ቀን በኋላ "የኬሚስትሪው ጥያቄ መልሱ ልክ አይደለም" የሚል መልእክት መጣ፤ ቀጥሎ ሌላ፣ ከዚያ ሌላ። የሚመልስ ሰው ስላልመደብን ልጆቹ ቀናት ጠበቁ። ከመምህራኑ ጋር ቁጭ ብለን ስናየው ሁለቱ እውነታቸውን ነበር። መልሱን አስተካከልንና ለእያንዳንዳቸው "ልክ ነህ"፣ "ልክ ነሽ" ብለን ጻፍንላቸው።