እግር ላይ ብረት ከገባ በኋላ ቆዳው ሲለወጥ፦ ችግርና መፍትሄ

የአጥንት ቀዶ ጥገና ያደረገ ሰው ቤቱ ሲገባ ቤተሰቡን ቶሎ የሚያስደነግጠው የቆዳው ቀለም ነው። ቀለም ግን በእኛ ቆዳ ላይ ብዙ ያሳስታል። ቁስል ሲያመረቅዝ ይቀላል ይባላል እንጂ ጠይም ቆዳ ላይ የሚታየው ጠቆር ያለ ወይም ወይን ጠጅ የመሰለ ነገር ነው። ስለዚህ ከዓይን ይልቅ እጅ ይሻላል። የእጅዎን ጀርባ መጀመሪያ ጤነኛው እግር ላይ፣ ቀጥሎ የተሰፋው እግር ላይ በተመሳሳይ ቦታ ያሳርፉ። የሚሞቅ ቦታ ካገኙ ዳሩን በእስክሪብቶ አስምረው ቀኑንና ሰዓቱን ይጻፉበት። ሙቀቱ ወይም እብጠቱ መስመሩን ካለፈ በማግስቱ ሳይሆን ያን ዕለት ሐኪም ይየው።

እግሩ ሲንጠለጠል ይጠቁራል

ደምን ወደ ላይ የሚገፋው የባት ጡንቻ ነው። ባቱ ሥራ ሲፈታ ደሙ ታች ይጠራቀማል። ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ያለውን ቁልቁለት በሚኒባስ እግሩን አንጠልጥሎ የወረደ ሰው ሲደርስ እግሩ ጠቁሮና አብጦ ቢገኝ አይገርምም። በጀርባ ይተኙ፤ የታጠፈ ጋቢ ወይም ሁለት ትራስ ከባት እስከ ተረከዝ አድርገው እግሩን ከልብ ከፍ ያድርጉት። በደቂቃዎች ውስጥ ቀለሙ ከተመለሰ የስበት ጉዳይ ነው፤ ለወራትም ሊቆይ ይችላል። ሐኪሙ ካልከለከለ በየሰዓቱ ቁርጭምጭሚቱን 10 ጊዜ ወደ ላይና ወደ ታች ያንቀሳቅሱ።

ካልተመለሰስ? የአውራ ጣቱን ጥፍር ተጭነው ይልቀቁ። ደሙ በ2 ሴኮንድ ገደማ መመለስ አለበት። በደሴ ብርድ ጤነኛ እግርም ስለሚዘገይ ሁለቱን እግር ያወዳድሩ። አንዱ ብቻ ከቀዘቀዘ፣ ከደነዘዘ፣ ባቱ እንደ ድንጋይ ከጠነከረ፣ ጣቶቹን ሌላ ሰው ቀና ሲያደርጋቸው የሚያስጮህ ሕመም ካለ ጡንቻው ውስጥ ግፊት ተፈጥሮ ሊሆን ይችላል። ያኔ ሰዓታት ናቸው የሚቆጠሩት፤ ሌሊትም ቢሆን ይሂዱ። የቀዘቀዘ እግርን ከሰል ምድጃ ዳር ማሞቅ ደግሞ ሌላ ጣጣ ያመጣል፤ የደነዘዘ ቆዳ መቃጠሉን አይናገርም። ካልሲ ይበቃል።

የበለዘው ወደ ጣቶች ወረደ

አዲስ ጉዳት አይደለም። ከስብራቱ የፈሰሰው ደም በቆዳው ሥር ወደ ታች ይሰርጋል፤ ከ2 እስከ 3 ሳምንት ውስጥ ወደ አረንጓዴና ቢጫ ተለውጦ ይጠፋል። አይታሽ። በተለይ አንድ ባት ብቻ አብጦ፣ ሞቆ፣ ሲነካ የሚያም ከሆነ ደም ረግቶ ሊሆን ይችላል። ወጌሻ ያሸው የረጋ ደም ተነስቶ ወደ ሳንባ ሊሄድ ይችላል። ትንፋሽ ማጠርና የደረት ውጋት ከተጨመረ ድንገተኛ ክፍል ነው።

ስፌቱ ዙሪያ ሽፍ ብሎ ያሳክካል

ሽፍታው የፕላስተሩን ቅርጽ ይዞ፣ አራት ማዕዘን ሆኖ ከታየ ጥፋቱ የማጣበቂያው ነው። ፕላስተሩን ትተው በጎዝና በፋሻ ይሸፍኑት።

ስፌቱ ይረጥባል

እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጎዙን የሚያረጥብ ቀላ ያለ ቀጭን ውሃ የተለመደ ነው፤ በየቀኑ ግን መቀነስ አለበት። ከደረቀ በኋላ እንደገና መርጠብ፣ መወፈር፣ መሽተት፣ 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ትኩሳት ወይም እየቀነሰ የነበረ ሕመም መጨመር የኢንፌክሽን ምልክት ነው። አሞክሳሲሊን ካፕሱል ከፍቶ ዱቄቱን መነስነስ ከላይ ያደርቀዋል፤ መግሉ ግን ከሥር ይቀራል። ፌጦና ነጭ ሽንኩርት ደግሞ ቆዳውን ያቃጥሉታል። ከመድኃኒት ቤት የተገዛ ክኒንም ለጊዜው አስታግሶ ያዘናጋል። ተህዋሲያኑ ብረቱ ላይ ስለሚለጠፉ ክኒን ብቻውን አያጠራቸውም፤ ቀዶ ሐኪሙ ቶሎ ከፍቶ ካጠበው ብረቱ ብዙ ጊዜ ይተርፋል።

የእግር ስፌት አብዛኛውን ጊዜ የሚነሳው ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ነው። እስከዚያ ውሃ አይንካው፤ ጠበሉ ለሌላው ሰውነት ይሁን፤ ለውዱእ በፋሻው ላይ ማበስ እንደሚቻል ኡለሞችን ይጠይቁ።

ጄሶ ሥር ያሳክካል፤ ሲፈታ ቆዳው ይላላጣል

ኮምቦልቻ ሙቀቱ ላቡን ጄሶ ውስጥ ያስቀራል። ስንደዶ ወይም የሹራብ መሥሪያ ሰዶ ማከክ ቆዳውን ይጭረዋል፤ ጥጡንም አጥፎ ይተወዋል፤ የታጠፈው ጥጥ ሌት ተቀን ይጫናል። አንድ ቦታ ብቻ ማቃጠል፣ ሽታ ወይም ጄሶው ላይ የወጣ እድፍ ካለ ጄሶው መከፈት አለበት። ማሳከክ ብቻ ከሆነ ከውጭ መታ መታ ያድርጉት።

ሲፈታ የሚታየው ቅርፊት ሳይታጠብ የተጠራቀመ የሞተ ቆዳ ነው። ቁስሉ ከተዘጋ ለብ ባለ ውሃ 15 ደቂቃ ይዘፍዝፉት፤ ሳይፈገፍጉ በፎጣ እየተጫኑ ያድርቁና ቫዝሊን ይቀቡ። በ1 ወይም 2 ሳምንት ይጠራል። ጄሶ ሥር የበዛው ጸጉርም በወራት ውስጥ ወደ ነበረበት ይመለሳል።

ቆዳው ያንጸባርቃል፣ ያልባል፣ ልብስ ሲነካው ያቃጥላል

ከስብራቱ ጋር የማይመጣጠን ማቃጠል፣ አንዴ መሞቅ አንዴ መቀዝቀዝ የነርቭ ችግር ነው። ማሳረፍ ያብሰዋል፤ ፊዚዮቴራፒ ቶሎ ይጀመር።

ከወራት በኋላ ትንሽ ቀዳዳ ተከፈተች

ትዘጋለች፣ ተመልሳ ትከፈታለች፣ ጠብ ጠብ ትላለች። መነሻዋ አብዛኛውን ጊዜ ብረቱ ወይም አጥንቱ ነው። የቆዳ ነገር ነው ብሎ በቆዳ ሕክምና ወደሚታወቀው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል መገስገስ ጊዜ ይወስዳል፤ መጀመሪያ መታየት ያለበት በአጥንት ሐኪም ነው። ሲሄዱ የድሮውንና የቅርቡን ራጅ፣ ብረቱ የገባበትን ቀን የያዘውን የመውጫ ወረቀትና የወሰዱትን ክኒን ሁሉ ከነማሸጊያው ይያዙ።